የጌሊክ ፉትቦል ውጤት እንዴት ይነበባል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አየርላንድ ነው፤ የዶኔጋል ካውንቲ ደጋፊ ነኝ። በዚህ የአየርላንድ ባህላዊ የኳስ ጨዋታ በእ.ኤ.አ. 2025 የመላው አየርላንድ ፍጻሜ የኬሪ ካውንቲ ቡድን 1-26 ለ 0-19 ሲያሸንፈን በስንት ተበለጥን? በክፍለ ሀገር ውድድር መሸነፍስ ዓመቱን ያበቃዋል?

መልስ፦ በ10 ነጥብ። ከሰረዙ በፊት ያለው የጎል ብዛት ነው፤ መረብ ውስጥ የገባች አንዷ 3 ታወጣለች። ቀጥሎ ያለው ኳሷን ከጎሉ አግዳሚ በላይ በማሳለፍ የተገኘው የነጥብ ድምር ነው። ኬሪ 3 ሲደመር 26፣ ማለትም 29 ሆነለት፤ እናንተ 19።

ከ2025 ወዲህ በጎሉ ዙሪያ ከተሰመረው የ40 ሜትር ቅስት ውጭ በእግር ተመትታ ከአግዳሚው በላይ ያለፈች ኳስ 2 ነጥብ ታስገኛለች። ከሩቅ የሚመታ ጎበዝ ያለው ቡድን፣ ነፋሱ ከጀርባው ከሆነለት፣ ሰፊ ልዩነት በደቂቃዎች ያጠባል። ስለዚህ በእረፍት ሰዓት ተስፋ ከመቁረጥዎ በፊት ነፋሱ ለማን እንደነበር ይዩ።

ሁለተኛው፦ አያበቃም። የክፍለ ሀገር ፍጻሜ የደረሱት ለሳም ማጓየር ዋንጫ፣ ማለትም ለዋናው የመላው አየርላንድ ውድድር ያልፋሉ፤ የቀረውን ቦታ በዋናነት የሊግ ደረጃ ይወስነዋል። ያልበቁት ለታልቺን ዋንጫ፣ ማለትም ለሁለተኛ ደረጃው ውድድር ይጫወታሉ። ጃንዋሪ መጨረሻ የሚጀምረውን ሊግ እንደ ማሟሟቂያ አይቁጠሩት፤ በየምድቡ 8 ቡድን፣ ለእያንዳንዱ 7 ጨዋታ ብቻ፣ ከላይኞቹ ሦስት ምድቦችም ሁለት ሁለት ይወርዳሉ።