ድሪሉን ለሌላው ስጥና ተነስ

ይድረስ በአሜሪካ ስካውት ላይፍ ደረጃ ላይ ደርሳችሁ፣ የመጨረሻውን ማዕረግ ኢግል ስካውትን ለማግኘት የማኅበረሰብ አገልግሎት ፕሮጀክቷ ብቻ ለቀረቻችሁ ልጆች።

እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ ሲቪል መሐንዲስ ነኝ። ከሠላሳ ዓመት በላይ እንጀራዬ መሬት ማስቆፈርና ኮንክሪት ማስሞላት ነበር። ጡረታዬ ሲቃረብ ደግሞ ልጆች የኢግል ፕሮጀክታቸውን ሲያቅዱ አማክር ጀመር። በነጻ ነው። በነጻ የሚመክር ሰው ወሬ ያበዛል፤ እንግዲህ ታገሱኝ።

ሁሉም መጥተው የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው። "ጋሼ፣ ምን ልሥራ?" እኔ ምን አውቄ! የሚያውቀው ችግሩ ያለበት ሰው ነው።

አንድ ልጅ ትዝ ይለኛል። ለችግረኞች ምግብ የሚያድል ማዕከል በር ላይ የአበባ ሣጥን ልሠራ ነው ብሎ በቀለም የተሳለ ንድፍ ይዞ መጣ። ለምን የአበባ ሣጥን? "ኢንተርኔት ላይ አየሁት" አለኝ። ንድፉን አስቀምጠውና አንድ ቅዳሜ ጠዋት እዚያ ሄደህ ዝም ብለህ ቁም አልኩት። ሄደ። በሩ የሚከፈተው በሦስት ሰዓት ነው፤ ሰው ግን ከሁለት ሰዓት ጀምሮ ይሰለፋል። አዛውንቶቹ የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ ይላሉ። አንዷ ከቤታቸው የፕላስቲክ ሣጥን ይዘው መጥተው ደፍተው ተቀመጡበት። ልጁ ማታ ደወለልኝ። "ጋሼ፣ መቀመጫ እኮ የላቸውም።" የማዕከሉን ኃላፊ ሲጠይቃት ስንት ዓመት ስትመኘው የነበረ ነገር ሆኖ ተገኘ። ጠይቋት የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ደንቡ ብዙ አያጣብቃችሁም። ፕሮጀክቱ ለእምነት ተቋም፣ ለትምህርት ቤት ወይም ለማኅበረሰቡ የሚጠቅም ይሁን። ለራሱ ለስካውቱ ድርጅት ወይም ለነጋዴ አይሠራም። የተለመደ የጽዳትና የሣር አጨዳ ሥራም አይሆንም። ገንዘብ ማሰባሰብ ብቻውንም ፕሮጀክት አይባልም፤ ዕቃ ለመግዛት ግን ይቻላል። ብዙ ወላጅ የማያምነኝ ደግሞ ይኼን ነው፦ ትንሹ የሰዓት መጠን ይኼን ያህል ነው የሚል ደንብ የለም። ሰዓት ይመዘገባል እንጂ ልጅ በሰዓት ብዛት አይመዘንም።

የሚመዘነው በሌላ ነው። የመጀመሪያው ኢግል ስካውት እ.ኤ.አ. በ1912 ማዕረጉን ሲያገኝ እንዲህ ዓይነት ፕሮጀክት አልነበረም። የገባው በ1965 ነው። ደንቡ ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ ማቀድ፣ ማዳበር፣ ሌሎችን መምራት። መሥራት የሚል ቃል እንደሌለበት ልብ በሉ።

ይኼን እኔም የገባኝ አፍሬ ነው። መጀመሪያ ያማከርኩት ልጅ ጎበዝ ነበር፤ እኔ ግን አላስቻለኝም። ንድፉን ራሴ ሳልኩለት። በሙያዬ ነውና የጉድጓዱን ጥልቀት፣ የብሎኑን ዓይነት፣ ሁሉንም ጻፍኩለት። ፕሮፖዛሉን ለስካውት ዲስትሪክቱ ገምጋሚ ልናቀርብ ሄድን። ሰውየው ገጹን ገለጥ ገለጥ አደረገና "ጉድጓዱ ለምን ሁለት ጫማ ሆነ?" አለው። ልጁ ዞሮ እኔን አየኝ። እኔም ሞኝ፣ አፌን ከፈትኩ። ሰውየው ቀና ሳይል "ልጁን ነው የጠየቅሁት" አለ። ፕሮፖዛሉ ተመለሰ። በመኪና ስንመለስ ሁለታችንም ትንፍሽ አላልንም። ከዚያ ወዲህ ልጅ ሲያማክረኝ እርሳስ አልይዝም።

እናትና አባቶቻችሁም ይኼን ያንብቡት። የአባት ኢግል ፕሮጀክት ሩቅ ሳለ ያስታውቃል።

ወረቀቱን በተመለከተ አንዴ ልናገርና ልለፍ። ፕሮፖዛሉ ላይ ተጠቃሚው ድርጅት፣ ስካውት ማስተራችሁ (የቡድናችሁ መሪ)፣ የትሩፑ ማለትም የቡድናችሁ ኮሚቴና የዲስትሪክት ወይም ከዚያ በላይ ያለው የካውንስሉ ሰው ይፈርማሉ። አራቱም ሳይፈርሙ አንዲት ሚስማር አትምቱ። ከቤተሰብ፣ ከትሩፑና ከተጠቃሚው ውጭ ካለ ሰው ገንዘብ ወይም ዕቃ የምትጠይቁ ከሆነ የገንዘብ ማሰባሰቢያ ቅጹ ብቻውን ሌላ ፈቃድ እንደሚፈልግ እወቁ። ማዕረጉን የሚያስገኘው ነገር ሁሉ ደግሞ 18 ዓመት ሳይሞላችሁ ማለቅ አለበት። አንዱ ፈራሚ ዕረፍት ላይ ነው፣ ሌላው ኢሜይል አይከፍትም። በ17 ተኩል የሚጀምር ልጅ እንቅልፍ የለውም፤ የእኔንም ይወስዳል።

ወደምወደው ልመለስ፤ ወደ ስሌቱ። የመቀመጫው ልጅ ፕሮፖዛሉ ከጸደቀ በኋላ ዝርዝር ዕቅዱን አመጣልኝ። ሁለት አግዳሚ፣ ስምንት እግር፣ እግሮቹ መሬት ውስጥ በኮንክሪት የሚተከሉ። ስንት ከረጢት የኮንክሪት ድብልቅ ትገዛለህ? "አሥር የሚበቃ ይመስለኛል።" ይመስለኛል አይሠራም፣ እናስላ አልኩት። አፉ 10 ኢንች፣ ጥልቀቱ 2 ጫማ የሆነ ጉድጓድ የምሰሶው ቦታ ሲቀነስ 0.9 ኪዩቢክ ጫማ ገደማ ኮንክሪት ይፈልጋል። የ80 ፓውንዱ የተዘጋጀ ድብልቅ ሲቦካ 0.6 ኪዩቢክ ጫማ ይሰጣል። ስለዚህ ለአንድ ጉድጓድ አንድ ከረጢት ተኩል፣ ለስምንቱ ደግሞ አሥራ ሁለት አልፎ ይሄዳል። አንዱ ቢቀደድስ? አሥራ አራት ጻፈ። በአሥሩ ቢሄድ ኖሮ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ሃያ ሰው አቁሞ ወደ ሱቅ ይሮጥ ነበር።

እዚያው ላይ ሌላ ጥያቄ አነሳሁበት። 80 ፓውንድ ማለት 36 ኪሎ ነው። የአንዳንዱ ሠራተኛህ ክብደት ራሱ ከዚያ ብዙ አይበልጥም፤ ማን ነው የሚያወርደው? ሳቀ፣ ከዚያ ግን "ለአንድ ከረጢት ሁለት ትልልቅ ልጆች" ብሎ ጻፈ። ዕቅድ የምለው ይኼንን ነው። ማን፣ ምኑን፣ በማን እጅ።

ጉድጓድ ካለ 811 አለ። አሜሪካ ውስጥ ከመቆፈር በፊት ጥቂት የሥራ ቀናት ቀደም ብሎ በዚህ ቁጥር ይደወላል። መጥተው ከመሬት በታች ያለውን መስመር በቀለም ምልክት ያደርጋሉ፤ አያስከፍሉም። ይኼን ስል የምጮኸው ምክንያት አለኝ። ጀማሪ መሐንዲስ ሳለሁ ምልክት አድራጊዎቹን ሳልጠብቅ አስቆፈርኩና የስልክ ገመድ በጠስኩ። የሰፈሩ ስልክ ቀኑን ሙሉ ዝም አለ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? እኔ ግን መልቀምም አልቻልኩም፤ ገመዱ ሲቀጠል ዳር ቆሜ ማየት ብቻ ነበር።

የደኅንነቱንም ነገር አትዝለሉት። ቢያንስ ሁለት የተመዘገቡ፣ 21 ዓመት የሞላቸው አዋቂዎች ሥራው ላይ መኖር አለባቸው። የኤሌክትሪክ መጋዝ የአዋቂ እጅ ነው። ስለዚህ እንጨቱ ከሥራው ቀን በፊት ተቆርጦ ይቅረብ፤ አለበለዚያ ልጆቹ ሁሉ የአንድ አባት መጋዝ እስኪያበቃ ተራ ይጠብቃሉ።

የሥራው ቀን ደረሰ። እኔ ወንበሬን ይዤ ሄጄ ጥግ ተቀመጥኩ። እግሮቹ ባለፈው ሳምንት ተተክለው ደርቀዋል፤ የቀረው ሳንቃ ማሰር ነው። ሰው ሞልቷል፣ ፒዛው ታዟል። የመቀመጫው ልጅ ግን አግዳሚው ሥር በጀርባው ተኝቶ ብሎን ያስራል። ላቡ ጆሮው ውስጥ ይገባል። ከኋላው አሥራ አንድ ልጆች ጠጠር ይወራወራሉ። የመጡት ድሪሎች ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንዱ እሱ እጅ ላይ፣ ሌላው ባትሪው አልቆበት መሬት ላይ።

ጎንበስ ብዬ "ድሪሉን ለሌላው ስጥና ተነስ" አልኩት። (ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሴት ልጆችም ገብተዋልና "ተነሽ" ብላችሁ አንብቡት።)

"እኔ ብሠራው ይፈጥናል እኮ፣ ጋሼ።"

እውነቱን ነው። ይፈጥናል። ተነሳ እንጂ ደስ አላለውም። ጠጠር ይወረውር ከነበረው አንዱን ጠርቶ እንዴት እንደሚታሰር አሳየው። ሁለቱን ልጆች እንጨት በብርጭቆ ወረቀት እንዲያለሰልሱ መደበ። አንዷን ባትሪ እንድታስሞላ ላካት። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ጠጠር የሚወረውር ጠፋ። የመጀመሪያው ብሎን ተጣሞ ገባ፤ አስወጥተው ደገሙት። ልጁ ቆሞ ሲያይ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶት ኪሱ ውስጥ ከተተው።

ከሰዓት በኋላ አንድ ነገር ታወቀ። ንድፉ ላይ መቀመጫው ወርዱ 18 ኢንች ነበር፤ ሦስት ቱ ባይ ሲክስ (ሁለት በስድስት ኢንች የሚባል) ሳንቃ፣ ስድስት ሲባዛ በሦስት። ሳንቃው ሲለካ አምስት ተኩል ኢንች ነው። ሱቅ ውስጥ ቱ ባይ ሲክስ እየተባለ የሚሸጠው ሁሉ እንደዚያ ነው፤ ፎር ባይ ፎሩም ሦስት ተኩል ነው። መቀመጫው አሥራ ስድስት ተኩል ሆኖ ቀረ። እኔ ንድፉን ሳይ ገብቶኝ ነበር። ዝም አልኩ። ልክ ነበርኩ ወይስ አልነበርኩም እያልኩ እስካሁን አስባለሁ፤ የሚያስወድቅ ስህተት ቢሆን ግን ዝም አልልም ነበር።

የመጨረሻ ሪፖርቱን ሲጽፍ "ችግር አላጋጠመም" ብሎ ሊያልፍ ፈለገ። ስለ ሳንቃውስ? አልኩት። ደበረው። በኋላ ግን ጻፈው፤ እንዴት እንደተሳሳተ፣ ሱቅ ሄዶ ሳይለካ ንድፍ እንደጨረሰ፣ ኃላፊዋ ጋ ሄዶ ነግሯት እንዳለች ትቆይ እንደተባለ። የግምገማ ቦርዱ ፊት ቀርቦ ሲወጣ ደወለልኝ። ግማሹን ሰዓት የጠየቁት ስለ ሳንቃዋና ስለ ጠጠር ወርዋሪዎቹ ነው። አልፏል።

ከወር በኋላ አንድ ቅዳሜ በዚያ በኩል ሳልፍ መኪናዬን አቆምኩ። ያቺ የፕላስቲክ ሣጥን ይዘው ይመጡ የነበሩት እናት አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል፤ ቦርሳቸው አጠገባቸው ነው። አትጠብም ወይ? ብዬ ጠየቅኳቸው።

ወዲህ ወዲያ አሉና "ለእኔ ትበቃለች" አሉኝ። ከዚያ ቦርሳቸውን አንስተው "ና ቁጭ በል" አሉ።