«ከበር የማይወጣ ውሻ ከየት በሽታ ያመጣል?»

ለተከበሩ የአምዱ አዘጋጅ፣

የምኖረው ደብረ ብርሃን ሲሆን ከባለቤቴ፣ ከ7 ዓመት ልጃችንና ከአማቴ ጋር በአንድ ግቢ እንኖራለን። ባለፈው ዓመት ከዘመድ ያገኘነውን የ5 ሳምንት ቡችላ በየሰፈሩ እየዞረ እንስሳት የሚወጋ ሰው አንድ ጊዜ ከተበልን። መድኃኒቱን ያወጣው ከኮቱ ኪስ እንደነበር አስታውሳለሁ። ቡችላው 3 ወር ሳይሞላው ትውከትና ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ይዞት በአራተኛው ቀን ሞተ፤ ልጄም ለብዙ ቀናት ምግብ አልበላ ብሎ አስቸገረን።

አሁን የ2 ወር ሌላ ቡችላ አምጥተናል። ላስከትበው ስል ባለቤቴ «ያኛው ተከትቦ አልሞተም ወይ? ደግሞስ ከበር የማይወጣ ውሻ ከየት በሽታ ያመጣል?» ይለኛል። አማቴ በበኩላቸው በበዓል በግ ሲታረድ ሳንባውንና የተበላሸ ጉበት ካለ ለውሻ መጣል የቆየ ልማዳቸው ነው። በዚህ ላይ የ4 ወር ነፍሰ ጡር ስለሆንኩ ጎረቤቶቼ 3 ዓመት አብራን የኖረችውን ድመት እንዳስወጣት ይወተውቱኛል። ውሻውን ማስከተቡ ይጠቅማል? ድመቷንስ ምን ላድርጋት?

ከደብረ ብርሃን

ውድ እህቴ፣

በቡችላው ሞት እርስዎም ልጅዎም ስላዘናችሁ አዝኛለሁ። የባለቤትዎ ጥርጣሬ ካዩት ነገር የመጣ ስለሆነ በቂ መልስ ይገባዋል፤ እኔም ከእሱ እጀምራለሁ።

ቡችላ ከእናቱ እንገር ሲጠባ እናቱ በሰውነቷ ያከማቸችውን መከላከያ አብሮ ይወስዳል። ይህ መከላከያ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ይጠብቀዋል፤ ነገር ግን በዚያው ጊዜ ክትባት ቢሰጠው ክትባቱንም እንደ በሽታ ቆጥሮ ያከሽፈዋል። መከላከያው የሚያልቅበት ቀን ከቡችላ ቡችላ ስለሚለያይና ማንም አስቀድሞ ሊያውቀው ስለማይችል፣ ሐኪሞች ክትባቱን ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ዕድሜ ጀምረው ቡችላው ቢያንስ 16 ሳምንት እስኪሞላው ድረስ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ ይደጋግሙታል። በ5 ሳምንቱ አንድ ጊዜ ብቻ የተወጋ ቡችላ እንደተከተበ አይቆጠርም። በዚያ ላይ እነዚህ ክትባቶች ከፋብሪካ እስከ መርፌ ድረስ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ መቆየት አለባቸው፤ በኮት ኪስ ሲዞር የዋለ ብልቃጥ ኃይሉን ያጣል። ስለዚህ ያ ቡችላ ተከትቦ ሞተ ለማለት እቸገራለሁ፤ እንደ እኔ እምነት የሞተው ሳይከተብ ነው።

ሳይመረመር በእርግጠኝነት መናገር ባይቻልም የነገሩኝ ምልክት ፓርቮ የተባለውን የቡችሎች በሽታ ይመስላል። ይህን የምለው የባለቤትዎን ሁለተኛ ጥያቄ ስለሚመልስ ነው። የፓርቮ ቫይረስ አፈር ውስጥ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይቆያል፤ በተራ ሳሙናም አይሞትም። በእርስዎ ጫማ ሥር ከመንገድ ወደ ግቢ መግባት ይችላል፤ ካለፈው ዓመት ጀምሮም እዚያው ግቢያችሁ ውስጥ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። የሞተው ቡችላ የተኛበትን ሣጥንና የበላበትን ሳህን ይጣሉ፤ የሲሚንቶውን ወለል ካጠቡ በኋላ አንድ እጅ በረኪና በሠላሳ እጅ ውኃ በጥብጠው ያርከፍክፉበትና ለ10 ደቂቃ ያህል ይተዉት። አፈሩን በዚህ ማጽዳት ስለማይቻል አዲሱ ቡችላ ክትባቱን እስኪጨርስ ያኛው ይተኛበት ከነበረው ጥግ ይራቅ። የፓርቮ ክትባት በሁሉም ክሊኒክ ስለማይገኝ ከመሄድዎ በፊት ይደውሉ፤ በቅርብ ካጡ አዲስ አበባ ወይም ቢሾፍቱ ድረስ መሄድ የሚገባው ጉዳይ ነው።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ደግሞ ለውሻው ብቻ ሳይሆን ለልጅዎ ሕይወት ሲባል የሚሰጥ ነው። ቡችላው 3 ወር ሲሞላው የመጀመሪያው ክትባት ይሰጣል፣ ከዓመት በኋላ ይደገማል፣ ከዚያም በሐኪሙ ቀጠሮ ይቀጥላል። የታመመ የመንደር ውሻ በሌሊት በአጥር ቀዳዳ ሊገባ ይችላል፤ የታሰረ ውሻም ሊሸሸው አይችልም። የበሽታው ምልክት ከታየ በኋላ ሰውም ሆነ ውሻ አይተርፍም ማለት ይቻላል። ማንኛውም ውሻ ወይም ድመት ልጅዎን ቢነክሰው ወይም ቢቧጭረው ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ አጥባችሁ፣ ወደ ባህል መድኃኒት ሳትሄዱ፣ በዚያኑ ዕለት ጤና ተቋም አድርሱት። ምልክቱ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ወር ዘግይቶ ስለሚመጣ ልጁ ደህና መምሰሉ አያዘናጋችሁ። ልጆች ቁጣ ፈርተው ንክሻን ይደብቃሉ፤ እንዲናገር አስቀድመው ያግባቡት። በነገራችን ላይ በባሌ ተራሮች ካልተከተቡ ውሾች የተዛመተው ይህ በሽታ ቀይ ቀበሮዎቻችንን በተደጋጋሚ ፈጅቷል። ቀይ ቀበሮ የሚኖርበት የመንዝ ጓሳም ከእናንተ ሩቅ አይደለም።

ስለ አማትዎ ልማድ ዝም ማለት አልችልም። በበግ ሳንባና ጉበት ላይ ውኃ የቋጠረ ከረጢት የሚመስል ነገር አይተው ያውቁ ይሆናል። ውስጡ የአንድ ትንሽ የኮሶ ዓይነት እጭ አለ። ውሻ ጥሬውን ሲበላ ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፤ ውሻው ጤነኛ መስሎ ሳለ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣና ጸጉሩ ላይ ይጣበቃል። ውሻውን የዳሰሰ ልጅ እጁን ሳይታጠብ ሲበላ እንቁላሉን ይውጣል፤ ከዓመታት በኋላ በጉበቱ ወይም በሳንባው ላይ ያንኑ ከረጢት ያበቅልና ለቀዶ ሕክምና ይዳረጋል። በሚቀጥለው በዓል ከረጢቱን ለእማማ ያሳዩአቸውና ይህን በእርጋታ ይንገሯቸው፤ ለልጅ ልጃቸው ሲሉ ልማዱን እንደሚተዉ አምናለሁ። እንዲህ ያለው ሥጋ ይቃጠል ወይም ውሻ ቆፍሮ እንዳያወጣው በጥልቀት ይቀበር። ለተራ ወስፋት የሚሰጠው መድኃኒት ሁሉ ይህን ትል ስለማይገድል፣ ቡችላው እንዲህ ያለ ነገር በልቶ ከሆነ ለሐኪሙ ይንገሩና ፕራዚኳንቴል ያለበት መድኃኒት ይሰጠው።

ድመቷን አያስወጧት። ጎረቤቶችዎ የፈሩት ቶክሶፕላዝማ ጽንስን የሚጎዳ በሽታ ስለሆነ ስጋታቸው ከንቱ አይደለም፤ ይሁንና ድመት የበሽታውን እንቁላል የምታወጣው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ በተያዘችበት ወቅት ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው፤ እንቁላሉም ሰው ለመያዝ ቢያንስ አንድ ቀን ይፈልጋል። ስለዚህ የምትጸዳዳበትን አሸዋ ባለቤትዎ በየዕለቱ ይድፉት፤ እርስዎ አይንኩት። አትክልት ሲኮተኩቱ ጓንት ያድርጉ፣ ሰላጣን በደንብ ይጠቡ። ጥሬ ሥጋንና ለብለብ ክትፎን ደግሞ እስኪወልዱ ይተዉ፤ በዚህ በሽታ ከቤት ድመት ይልቅ በጥሬ ሥጋ መያዝ ይቀላልና። ለውሻ ቁንጫ ወይም መዥገር የተገዛ፣ ፐርሜትሪን ያለበት መድኃኒትና የሰው ፓራሲታሞል ድመትን ስለሚገድሉ በፍጹም አይስጧት።

ቡችላውን በዚህ ሳምንት ለመጀመሪያው የፓርቮ ክትባት ይውሰዱት፤ ሐኪሙ ከብልቃጡ ላይ ያለውን ወረቀት ልጦ ካርዱ ላይ እንዲለጥፍልዎ ይጠይቁ። 3 ወር ሲሞላው ለእብድ ውሻ በሽታው ክትባት ስትሄዱ ክትባቱ ለድመትም ስለሚያስፈልግ እሷንም ክዳን ባለው ቅርጫት ይዛችኋት ሂዱ።

የአምዱ አዘጋጅ