ለእናትሽ የሚታጠፍ የኤሌክትሪክ ስኩተር

እህቴ፣ ባሕር ዳር ላሉት እናትሽ ስኩተሩ (መራመድ ለሚከብደው ሰው የተሠራው፣ ተቀምጠው የሚነዱት) ባለ ሦስት ጎማ ይሻላል ወይስ ባለ አራት ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ ባለ አራቱን እላለሁ። ባለ ሦስቱ ጠባብ ቦታ ላይ ቶሎ ይዞራል፤ ኮብልስቶን ላይ ሲታጠፉበት ግን ሚዛን ያስታል። ከተማችን ሜዳ ስለሆነች ሞተሩ ብዙም አያሳስብም። ዋናው ጎማው ነው። ትንሽና ደረቅ ጎማ ኮብሉ ላይ ወገብ ይፈጃል፤ ሰፋ ያለ፣ በንፋስ የሚሞላ ፈልጊላቸው። ጣና ዳር ወጥተው አየር ሲቀበሉ እንዲመቻቸው ነው የምለው! ታጥፎ ባጃጅ ውስጥ መግባት አለበት፤ ክብደቱንም ራስሽ አንስተሽ ሞክሪው። ባትሪው ሊቲየም ቢሆን ይቀላል። በአውሮፕላን ከመጣ ግን የሚነቀለው ባትሪ ከ300 ዋት-ሰዓት (ባትሪው የሚይዘው የኃይል መጠን) አይብለጥ፤ አየር መንገዱንም ቀድመሽ ጠይቂ። ቻርጀሩ 220 ቮልት መቀበሉን እይ።