ድንገተኛ ክፍል ደግሞ ምን ጥናት አለው?

ጥያቄ፦ ልጄ ጠቅላላ ሐኪም ናት፤ በድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊስት መሆን ትፈልጋለች። እኔ የማውቀው ድንገተኛ ክፍል በሽተኛ ተቀብሎ ወደ ሌላ የሚያስተላልፍ በር ነው። ለዚህ ሦስት ዓመት መማር ያስፈልጋል?
(እናት፣ ከፒያሳ)

መልስ፦ ያስፈልጋል፣ እናቴ። ትምህርቱ በአገራችን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2010 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ነው። ትንፋሽ ያጠረው ሰው ሲገባ አስም ይሁን ልብ ሳይታወቅ ሥራው ይጀመራል፦ መጀመሪያ የአየር መተላለፊያው፣ ቀጥሎ አተነፋፈሱ፣ ከዚያ የደም ዝውውሩ፤ ካርዱ ኋላ ይደርሳል። ተማሪዎቼን ይህን በአሻንጉሊት ላይ እስኪሰለቻቸው አስደግማቸዋለሁ።

ጥናቱማ፣ በሽተኛው ከበር እስከ መጀመሪያው መድኃኒት ስንት ደቂቃ እንደጠበቀ ከካርድ ላይ መልቀም ነው። አሰልቺ ነው፣ አልዋሽዎትም፤ ወረፋው የት እንደሚታነቅ የሚያሳየን ግን እሱ ነው።

ከግቢ ውጭም እንወጣለን። በለገሃር ለታክሲ ተራ አስከባሪዎች ልቡ የቆመን ሰው ደረት መጫን ስናስተምር ሁሉም ክርናቸውን ያጥፋሉ። ክንድ ቀጥ ይበል፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት! አንዱ ደግሞ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ይደውል።

ልጅዎን ግን አንድ ነገር ይጠይቋት፦ የሌሊት ተረኝነት ትችላለች?