ቀለበቷን ወደ ጎን ክፈቷት

ሰኞ ባቲ ገበያ ወርጄ ለልጅ ልጄ የመዳብ ሽቦ ጉትቻ ገዛሁላት። የሠራችው ራሷ ሻጯ ናት፣ ኮረዳ ልጅ ነገር። ጨሌው በደንብ የተመረጠ ነው፣ ዋጋውም አያስከፋም። ኮምቦልቻ ሳልደርስ ግን አንደኛው ጨሌ ኪሴ ውስጥ ወልቆ አገኘሁት። ጨሌውን የያዘችው ትንሿ የሽቦ ቀለበት አፏን ከፍታለች። ልጅቱን አልወቅስም፣ እኔም እንደሷ ነበርኩ።

ደሴ ላይ ብር መሥራት ከጀመርኩ ሠላሳ ዓመት አልፎኛል። ገና ጀማሪ ሳለሁ ለአንዲት ሙሽራ ድሪ ሠራሁ። ቀለበቶቹን ሁለቱን ጫፍ ግራና ቀኝ እየጎተትኩ ከፍቼ፣ መልሼ በፒንሳ ጨምቄ ዘጋኋቸው። ሠርጉ ላይ ጭፈራው ሲደራ ድሪው ተዘረገፈ። እናትየዋ በማግስቱ የተለቀመውን በመሀረብ ቋጥራ መጣችና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ ዝም ብላ ቆመች። ምነው በሰደበችኝ!

ቀለበት የሚከፈተው ወደ ጎን ነው። አንዱን ጫፍ ወደ ራሳችሁ፣ ሌላውን ወደ ፊት። ስትዘጉትም በዚያው መንገድ መልሱት፣ ክብነቱን አያጣም። ግራና ቀኝ ከጎተታችሁት እንቁላል ይሆንና ጫፎቹ ድጋሚ አይገጥሙም።

በጨሌው ያለፈውን ሽቦ ጫፍ ቀለበት አድርጋችሁ ስትጠቀልሉም አትቸኩሉ። ጨሌው አናት ላይ ሽቦውን መጀመሪያ ወደ አንድ ጎን ቀጥ አድርጋችሁ እጠፉት፣ አንድ ሳንቲሜትር ያህል አስተርፋችሁ ቁረጡ (ስትቆርጡ ጫፉን በጣት ያዙት፣ ፈንጥሮ ዓይን ውስጥ ይገባል)፣ ከዚያ አፉ ክብ በሆነው ፒንሳ ወደ ኋላ ጠቅልሉት። መጀመሪያ ካላጠፋችሁት ቀለበቱ መሃል አናት ላይ አይቀመጥም፣ ያጋድላል።

አንዱ ጉትቻ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ የሚሆንባችሁ እጃችሁ ስለማይረባ አይደለም፣ አብሽሩ። የፒንሳው አፍ ጫፉ ቀጭን፣ ሥሩ ወፍራም ነው። በማርከር አንድ መስመር አስምሩበትና ሁልጊዜ እዚያው ላይ ጠቅልሉ። ይህን የሚነግረኝ አጥቼ አራት ዓመት ሙሉ በዓይኔ ስገምት ኖርኩ፣ ትዝ ሲለኝ አሁንም ያናድደኛል።

ደግሞ በብር አትለማመዱ። ያስተማሩኝ ሰውዬ የማሪያ ትሬዛ ጠገራ ብር እያቀለጡ ነበር የሚሠሩት፣ ያቺን 1780 የሚል የተጻፈባትን። አንዷ 28 ግራም ገደማ ናት፣ ከዚያም ብሩ ከመቶ 83 እጅ ነው፣ ስለዚህ ቁርጥራጭ መሬት ላይ ወድቆ ካዩ እኔን አያድርገኝ። የተላጠ የመብራት ሽቦ ይበቃችኋል፣ 0.8 ሚሊሜትር የሚሆነውን ፈልጉ። እሱም ብዙ ከታጠፈ ይደነድንና ይሰበራል። ሲደነድን እሳት ላይ ደብዘዝ ያለ ቀይ እስኪሆን አሙቁት፣ ይለሰልሳል።

የተቆረጠውን ጫፍ በሞረድ ሳታለሰልሱ ግን እንዳትሸጡ፣ ነጠላዋን የሳበባት ሴት ሁለተኛ አትመጣም።

በመጪው ሰኞ ባቲ ስወርድ ለዚያች ልጅ ማርከር ይዤላት እሄዳለሁ። ጉትቻውን አልመልስም፣ ወድጄዋለሁ።