ጠይቁኝ፦ የኦፕን ሶርስ ፕሮጀክት የጋራ ግብ ለምን ወረቀት ላይ ይቀራል?

ሰላም ለሁላችሁ። ኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ፣ ብዙ ሰው ተባብሮ የሚሠራው ሶፍትዌር) ውስጥ ኮድ ከምጽፍበት ጊዜ የሰው ኮድ የምመለከትበትና ስለ ቀጣዩ ዓመት የምከራከርበት ጊዜ ይበልጣል። ሰሞኑን በጋራ ግብ አወጣጥ ላይ ጥያቄ ስለበዛ እዚሁ አንድ ላይ እንጨርሰው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በየዓመቱ መጀመሪያ ሮድማፕ (የዓመቱን ዕቅድ) እናወጣለን። ሁሉም ያጨበጭባል። ዓመቱ ሲያልቅ ግማሹ አልተነካም። ሰዉ ነው የሰነፈው ወይስ እኛ ነን የማናውቅበት?

መልስ፦ ሰዉን ተዉት። ሮድማፑን ክፈቱና ከእያንዳንዱ መስመር አጠገብ የማን ስም እንዳለ እዩ። ምናልባት የማንም የለም። “ዶክመንቴሽኑ ይሻሻላል” ይላል። በማን? ዝም። መሥሪያ ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ መስመር ቢጻፍ አለቃው ለአንዱ ይሰጠዋል፣ ያም ደመወዙን ስለሚፈልግ ይሠራዋል። እዚህ ግን አብዛኛው ሰው ሥራ ውሎ፣ ልጅ አስተኝቶ፣ በተረፈችው ሰዓት የሚመጣ ነው። ማንም ማንንም አያዝም። ባለቤት የሌለው ግብ ደግሞ ሁሉም ወድዶት ማንም ሳያነሳው ይከርማል። እኔ ብሆን “እኔ እይዘዋለሁ” ያለ ሰው ከሌለ ግቡን ዝርዝሩ ውስጥ አላስገባም። የፈለገውን ያህል ቢያምር።

ጥያቄ፦ እኛ ባለቤት መድበናል። ልጁም ጎበዝ ነው፣ ኮዱን በሁለት ወር ጨረሰ። ከዚያ ሪቪው የሚያደርግለት (ኮዱን አይቶ የሚያጸድቅለት) ጠፍቶ ተስፋ ቆርጦ ሄደ። ይሄስ?

መልስ፦ ዋናው ነገር ይሄ ስለሆነ ትንሽ ላርዝመው። ግብ ስናወጣ “ማን ይጽፋል?” ብለን እንጠይቃለን። ጸሐፊ ግን ይገኛል። የሚያጥረው የሚያይ ሰው ነው። ያንን የኮድ ክፍል በደንብ የሚያውቁት ብዙ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ናቸው፤ አምስት ግብ ብታወጡ አምስቱም ዞረው ዞረው እነዚሁ ሰዎች ደጃፍ ላይ ነው የሚሰለፉት። እነሱ ደግሞ ስብሰባ ላይ እሺ ያሉት ከአንገት በላይ ነው፣ ምክንያቱም ምን ያህል ሰዓት እንደሚጠየቁ የነገራቸው የለም።

ራስት የተባለውን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ የሚሠራው ፕሮጀክት ይሄን ጥሩ አድርጎ ነው የያዘው። ከ2017 አንስቶ ለተወሰኑ ዓመታት ዓመታዊ ሮድማፕ ያወጣ ነበር። ከ2024 ሁለተኛ አጋማሽ ወዲህ ግን ሌላ አሠራር አመጣ። ግብ የሚፈልግ ሰው ራሱን ባለቤት አድርጎ ማመልከቻ ይጽፋል፣ ማመልከቻው ውስጥ ከየትኛው ቡድን ምን እንደሚፈልግ ይዘረዝራል። ከአንዱ ሪቪው፣ ከሌላው የዲዛይን ውይይት፣ ከሌላው ውሳኔ። የሚመለከተው ቡድን አይቶ ካልተስማማ ግቡ አይጸድቅም። ማለትም ቡድኑ ገና ሥራው ሳይጀመር “ጊዜ የለንም” የማለት ዕድል አለው። የእናንተ ልጅ በሁለት ወር ልፋት ያወቀውን ነገር በመጀመሪያው ሳምንት ያውቀው ነበር ማለት ነው።

በአነስተኛ ፕሮጀክት እንዴት እንደሚመስል ላሳያችሁ። መጥፎው እንዲህ ይጻፋል፦ “ፍጥነት ይሻሻላል።” ሻል ያለው ደግሞ እንዲህ፦ “ትልቅ ፋይል ሲከፈት የሚወስደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። ባለቤት፦ እገሌ። የሚፈለገው፦ ፋይል የሚያነበውን ክፍል ከምታውቀው ከእገሊት፣ በሳምንት ሁለት ሰዓት ሪቪው፤ ተጠይቃ ተስማምታለች። በዚህ ዙር የማንነካው፦ የኔትወርኩ ክፍል። መቼ እናየዋለን፦ ከቀጣዩ ሪሊዝ (አዲስ እትም) በፊት።” አምስት መስመር ነች። ከአምስቱ ለመሙላት የምታስቸግረው ሦስተኛዋ ናት፣ ምክንያቱም ሄዶ ሰው ማናገር ይጠይቃል። እሷን ዘላችሁ ሌላውን ብትሞሉት ግን ምን ዋጋ አለው?

ጥያቄ፦ ድምፅ ብንሰጥስ? ብዙ ድምፅ ያገኘው ግብ ይሁን ብለን።

መልስ፦ ድምፅ መስጠት ክፋት የለውም። ግን እጅ ማውጣት ቀላል ነው፤ ሰው ሌላው እንዲሠራለት ለሚፈልገው ነገር ሁሉ እጁን ያወጣል። የዴስክቶፕ ሶፍትዌር የሚሠራው ኬዲኢ ከ2017 ጀምሮ በየጊዜው ማኅበረሰቡን አስመርጦ ሦስት ሦስት ግብ ያወጣል። በ2019 ለምሳሌ ከሦስቱ አንዱ መስኮቶችን ስክሪን ላይ ወደሚያሳየው አዲስ ሥርዓት፣ ወደ ዌይላንድ፣ መሸጋገር ነበር። እዚያ የምወደው ምርጫውን ሳይሆን ከምርጫው በፊት ያለውን ነው። ሐሳቡ በጽሑፍ ይቀርባል፣ ከተመረጠ በኋላም ከፊት ሆኖ የሚገፋው ሰው ይታወቃል። ድምፅ የሚሰጠው ባለቤት ካላቸው ሐሳቦች መካከል ለመለየት ነው። ሦስት ብቻ መሆናቸውም ደስ ይለኛል። ሃያ ግብ ያለው ፕሮጀክት ግብ የለውም።

ጥያቄ፦ አንድ አባል አለን፣ ምንም ነገር ሲመጣ “አልስማማም” ነው። ሁሉም እስኪስማማ እንጠብቃለን ብለን ቆመን ቀረን።

መልስ፦ ሁሉም እስኪስማማ ከጠበቃችሁ ውሳኔው የሚሄደው ቶሎ ለማይሰለቸው ሰው ነው። ከሁለት ቦታ ልምድ ልስጣችሁ። አፓች በተባለው የኦፕን ሶርስ ድርጅት ፕሮጀክቶች ውስጥ የኮድ ለውጥን በተቃውሞ ድምፅ ማስቆም ይቻላል፣ ግን ቴክኒካዊ ምክንያት ካልቀረበ ተቃውሞው አይቆጠርም። ከዚህ ሌላ ዝምታን እንደ ስምምነት የመቁጠር ልማድ አላቸው። “ይሄን ልሠራ ነው” ትላለህ፣ አብዛኛውን ጊዜ 72 ሰዓት ትጠብቃለህ፣ ማንም ካልተቃወመ ትቀጥላለህ።

ሁለተኛው የኢንተርኔት ደረጃዎችን የሚያወጣው አይኢቲኤፍ ነው። በ2014 ባወጣው አርኤፍሲ 7282 በተባለ ሰነድ ላይ ስምምነትን እንዴት እንደሚያይ ጽፎታል፦ የተነሳው ተቃውሞ ሁሉ ታይቶ መልስ ማግኘት አለበት፣ ተቃዋሚው ሁሉ ግን የፈለገው ይሁንለት ማለት አይደለም። ስለዚህ ሰውየውን “ለምን?” በሉት። መልሱን ጻፉት። በቁም ነገር ተወያዩበት፣ ምክንያቱም እንዲህ ያለ ሰው አንዳንዴ ትክክል ነው። ከዚያ የሰጣችሁትን መልስ ከሥሩ ጽፋችሁ እለፉ። በሚቀጥለው ወር ያንኑ ነገር ይዞ ሲመጣ ሊንኩን መላክ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ሁሉንም ነገር እንደ አዲስ መጻፍን ግብ ብናደርግስ? ኮዱ አርጅቷል።

መልስ፦ ኧረ ቀስ። ፐርል የተባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ እንደ አዲስ ሊጻፍ ፐርል 6 በሚል ስም በ2000 ታወጀ፣ የመጀመሪያው የተረጋጋ ሪሊዝ የወጣው በ2015 መጨረሻ ነው። በ2019 ስሙም ተቀይሮ ራኩ ተባለ። ሌላው ቋንቋ ፓይተንም፣ ከፓይተን 2 ጋር ሙሉ በሙሉ የማይጣጣመው ፓይተን 3 በዲሴምበር 2008 ወጥቶ የፓይተን 2 ድጋፍ መጀመሪያ በ2015 ይቆማል ተባለ፤ ሰዉ ኮዱን ማሻገር ስላልቻለ ወደ 2020 ተገፋ። እነዚህ ሰዎች ችሎታ አንሷቸው አይደለም። አዲሱን መሥራት አንድ ግብ ነው፣ ተጠቃሚውን ይዞ መሻገር ሌላ ግብ ነው፣ ሁለተኛው ደግሞ ሲታቀድ ሁሌም ያንሳል።

አሁን ፓይተን ከ3.9 ወዲህ በየዓመቱ ኦክቶበር ላይ ሪሊዝ ያወጣል። ያልደረሰ ነገር ለቀጣዩ ዓመት ያድራል። የሊኑክስ ከርነልም (የሥርዓቱ እምብርት) በየዘጠኝ ወይም አሥር ሳምንቱ ይወጣል፣ አዲስ ሥራ የሚገባው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ነው። ሰው እስኪሞላ ከሚቆም መኪና በሰዓቱ የሚነሳ ይሻላል፤ ያመለጠው ቀጣዩን እንደሚያገኝ ስለሚያውቅ ማንም በር ላይ አይጋፋም። ቀኑን ቆርጣችሁ ይዘቱን ልቀቁት። ግዙፍ ሥራ ካላችሁ ደግሞ እያንዳንዱ ሪሊዝ ላይ የሚታይ ቁራጭ ይኑረው።

ጥያቄ፦ አንድ ኩባንያ ሁለት ፕሮግራመር ከፍሎ አስገብቶልናል። ግቡን ግን እሱ ነው የሚወስነው የሚል ቅሬታ አለ።

መልስ፦ ባለቤት ይዞ መምጣቱ ጥሩ ነው። ያቺኑ አምስት መስመር እንደማንኛውም ሰው ይሙላ፣ በግልጽ ይታይ። አንድ ነገር ብቻ ጨምራችሁ ጠይቁት፦ ሁለቱ ልጆች ወደ ሌላ ሥራ ሲዛወሩ ይሄን ኮድ ማን ይጠብቀዋል? መልስ ከሌለ ግቡን አሳንሱት።

ጥያቄ፦ የፕሮጀክታችን ብቸኛዋ ሜንቴይነር (ኮዱን የምትጠብቀው) እኔ ነኝ። ግብ የሚባለው ሁሉ አዲስ ፊቸር (ሶፍትዌሩ ላይ አዲስ ነገር መጨመር) ሆኖብኛል። ባግ (ስህተት) መጠገንና ዲፔንደንሲ (የምንጠቀምበትን የሌሎች ኮድ) ማደስ ግብ አይባልም እንዴ?

መልስ፦ ይባላል እንጂ እህቴ! እንዲያውም መጀመሪያ ሰዓት የሚቆረጥለት እሱ ነው። በ2014 ኸርትብሊድ የተባለው የደህንነት ቀዳዳ የኢንተርኔት ግንኙነትን በሚመሰጥረው ኦፕንኤስኤስኤል ላይ ሲገኝ ዓለም ያወቀው ነገር የኢንተርኔቱ ትልቅ ክፍል የሚተማመንበት ኮድ በጣት በሚቆጠሩ ሰዎች ትከሻ ላይ መሆኑን ነው። በ2024 ደግሞ ፋይል በሚጨምቀው ኤክስዜድ ላይ የሆነውን አይተሻል። የደከመውን ብቸኛ ሜንቴይነር ማንነታቸው የማይታወቅ አካውንቶች “ዘገየህ፣ ሌላ ሰው ጨምር” እያሉ ወጠሩት፣ የተጨመረው “ረዳት” በኋላ የጀርባ በር (ድብቅ መግቢያ) አስገባ። ስለዚህ ጥገናውን ጻፊው፣ ስምሽን አድርጊበት፣ ሰዓቱንም አስቢ። የተረፈሽ ሰዓት በሳምንት ሁለት ከሆነ የአዲስ ነገር ግብሽ የሁለት ሰዓት ነው። ጨምሪ ለሚልሽ ሁሉ ያንን ገጽ አሳዪው። ደግሞ “ሌላ ሜንቴይነር ማሠልጠን” የሚለውን ራሱን የቻለ ግብ አድርጊው፣ ግን የሚገባውን ሰው ሥራ ለረጅም ጊዜ እያየሽ፣ በማንም ግፊት አይደለም።

ጥያቄ፦ ግቦቹን የት እንጻፋቸው? እኛ ቻት ላይ ነው የምንስማማው።

መልስ፦ ቻት ላይ የተስማማችሁት ውሃ በላው። ሪፖዚተሪው (የፕሮጀክቱ ኮድ የሚቀመጥበት ቦታ) ውስጥ አንድ ፋይል ይሁን፣ ለውጥ ሲኖር በፑል ሪኩዌስት (ሁሉም የሚያየው የለውጥ ጥያቄ) ይቀየር። ያን ሰዓት ተኝቶ የነበረው የሌላው የዓለም ጫፍ አባልም ማን ምን እንዳለ ያያል።

ጥያቄ፦ ባለቤቱ ድምፁን ቢያጠፋስ? መጠየቅ ያሳፍራል፣ በነጻ ነው የሚሠራው።

መልስ፦ ለዚህ ነው ጥያቄውን ለሰው ሳይሆን ለቀን መቁጠሪያ የምትሰጡት። በወር አንዴ ሁሉም ባለቤት ሁለት መስመር ይጻፍ፦ ምን ተሠራ፣ ምን አቆመኝ። ሁለት ወር ባዶ ከሆነ ግቡ ራሱ “ባለቤት ይፈለጋል” ወደሚለው ክፍል ይዘዋወራል። ወቀሳ የለም፣ ማብራሪያም አይጠየቅም። ደንቡ ቀድሞ ስለተጻፈ ማንም ማንንም አላባረረም፤ ሰውየው ሕይወቱ ሲረጋጋ ተመልሶ ይወስደዋል፣ ወይም ሌላ ሰው ይወስደዋል። “ምን አቆመኝ” የሚለውን መስመር ግን በደንብ አንብቡት። “ሪቪው እየጠበቅኩ ነው” የሚል ከበዛበት በሚቀጥለው ዙር ግብ ቀንሱ።