ጥያቄና መልስ፦ በአንድ ጠዋት የሚያልቅ ሹመት

ሰሞኑን የሚደርሱኝ ደብዳቤዎች ሹመት ሹመት ይላሉ። ጥቂቶቹን ልመልስ።

የሽምብጥ ሰፈር አንባቢ፣ አዲስ ለተሾሙ ጎረቤታቸው ምን እንደሚባል ጠየቁኝ። «ሹመት ያዳብር» ይበሏቸው።

የክልል ዳኛን ማን ይሾማል? የክልሉ ምክር ቤት፣ በዳኞች አስተዳደር ጉባኤ አቅራቢነት። የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 81 ላይ አለ።

ከዘጌ የጻፉልኝ መምህር ግን በሚኒስትሮች አሿሿም ተቆጥተዋል። «ስም ይነበባል፣ እጅ ይወጣል፣ ይጨበጨባል። ታዲያ ምኑን ነው ያጸደቁት?» ይላሉ።

መምህር፣ ጥያቄዎ የእኔም ነው። ሕጉ የሚለው ሚኒስትሮችን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ያቅርብ፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጽድቅ ነው። ማጽደቁን የሚቀርጸው ልማድ ነው። ዕጩዎች በጅምላ ይቀርባሉ፣ የሥራ ታሪካቸው ይነበባል፣ ጥቂት አስተያየት ይሰማል፣ ወዲያው እጅ ይወጣል፣ ቃለ መሐላ ይከተላል። ጥቅምት 2011 ላይ ከ20 ሚኒስትሮች 10ሩ ሴቶች ሆነው ሲሾሙ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። እሱም ቢሆን በአንድ ቀን አለቀ።

አሜሪካም ያልተጻፈ ልማድ አላት። እ.ኤ.አ. በ1789 ጆርጅ ዋሽንግተን ለሳቫና ወደብ ሹመት ያጩትን ቤንጃሚን ፊሽቦርንን ሴኔቱ አልቀበልም አለ፤ የጆርጂያ ሴናተሮች ስለተቃወሙ። ከ1917 ገደማ ወዲህ ደግሞ የፌዴራል ዳኛ ሲታጭ ለግዛቱ ሴናተሮች አስተያየታቸው የሚጠየቅበት ሰማያዊ ወረቀት ይላካል። ሕግ አያስገድደውም፤ ሴናተሩ ካልመለሰው ግን ዕጩው ሊቀር ይችላል። ቂም መወጫ ስለሚሆን ይህን አልመኝም። የምቀናው በጊዜያቸው ነው። ስሙ ከታወቀ በኋላ ድምፅ እስኪሰጥ ሰው የሚጠይቅበት ቀን አላቸው።

እኛስ ይህን አጥተነው ነው? ልጅ ለመጠየቅ ሽማግሌ ሲላክ ቤተሰቡ እዚያው እሺ አይልም። ቀን ይቀጥራል። ዘመድ ይጠየቃል፣ ጠባይ ይጠየቃል። ለሚኒስትርም ለዳኛም ይህችን ቀን እንስጥ። የዕጩዎቹ ዝርዝር ከሳምንት በፊት ለምክር ቤት አባላት ቢታደል የሚከለክል ሕግ የለም። ባሕር ዳር፣ በክልሉ ምክር ቤትም ይጀመር፤ አባላቱ እዚሁ ጣና ዳር ዕጩዎቹን ለሚያውቁ መራጮች ደውለው ይጠይቁ።

የመጨረሻዋ ጠያቂ ወንድማቸው ኃላፊ ሆኗል። ባለጉዳዮች ሙክት ይዘው እየመጡ ነው። ዘመድ ደግሞ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እያለ ይገፋዋል። እህቴ፣ አይቀበል! ይህ ተረት ስንቱን ቤት አፈረሰ። እስካሁን የተቀበለው ነገር ካለ ግን የእኔን ምክር ይተዉትና ዛሬውኑ ጠበቃ ዘንድ ይውሰዱት። የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 የሚቀጣው በእስራት ነው። ነገ አይበሉ።